በመፀው ቢራቢሮና የእሳት እራት ስለ መቁጠር



የዛሬው ንግግራችን ስለ ትናንሽ ፍጥረቶች ነው። ትንሽ ናቸው ብለን እናልፋቸዋለን እንጂ ሥራቸው እንኳ ትንሽ አይደለም። አንዳንዱ ከአበባ ወደ አበባ እየዞረ ተክሉ ፍሬ እንዲይዝ ይረዳል። አንዳንዱ ደግሞ የደከምንበትን በቆሎ ከአፋችን ይነጥቃል። እነዚህም ቢራቢሮና የእሳት እራት ናቸው። እስቲ ምን እንደሆኑ፣ በመፀው ለምን እንደሚበዙ፣ እንዴት እንደሚቆጠሩና ቆጠራውን በደብተር መጻፍ ምን እንደሚጠቅም በየተራ እንመልከት።

ወቅቱን መፀውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ይጠራል። ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ ይታያል። ሰብሉ ያሽታል፤ ቀስ በቀስም ለአጨዳ ይደርሳል። አበባና ለምለም ቅጠል በሞላበት ጊዜ ደግሞ የሚበላውና የሚቀስመው ሁሉ ይመጣል። ስለዚህ ለመቁጠር ከዚህ የተሻለ ወቅት ማግኘት ያስቸግራል።

ለመሆኑ ቢራቢሮና የእሳት እራት በምን ይለያሉ? ሁለቱም ዘመዳሞች ናቸው። ክንፋቸውን በጣት ብንነካ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ይይዘናል። ያ ብናኝ ክንፋቸውን እንደ ጣራ ክዳን ተደርቦ የሸፈነው ቅርፊት ነው። ቢራቢሮ የምትበረው በቀን ነው። ስታርፍ አብዛኛውን ጊዜ ክንፎቿን ወደ ላይ ገጥማ ታቆማለች። በራሷ ላይ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ጢሞች ጫፋቸው እንደ ክብሪት ራስ ጎላ ይላል። የእሳት እራት ግን ብዙውን ጊዜ የሚበረው በሌሊት ነው። ሲያርፍ ክንፎቹን ዘርግቶ ወይም እንደ ጎጆ ጣራ አዘቅዝቆ ነው። ጢሞቹም እንደ ክር የቀጠኑ ወይም እንደ ላባ የተበተኑ ናቸው። ስሙን ያገኘው ወደ መብራት እየበረረ ለእሳት ራት ስለሚሆን ነው። በሳጥን ያስቀመጥነውን የሱፍ ልብስ የሚበላው ብልም እኮ የአንድ ትንሽ የእሳት እራት ልጅ ነው።

ሁለቱም በሕይወታቸው አራት መልክ ይይዛሉ። መጀመሪያ እንቁላል ናቸው። እንቁላሉ ይፈለፈልና ትል ወይም አባጨጓሬ ይሆናል። ትሉ እየበላ ያድጋል። ከጠገበ በኋላ ልባስ ለብሶ ወይም አፈር ውስጥ ገብቶ ሳይበላና ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። በመጨረሻ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰብል የሚበላው ትሉ ነው፤ ክንፍ ያለው አይበላም። ነገር ግን ትሉን የሚያመጣው ክንፍ ያለው ነው። ክንፍ ያለውን ቀድሞ ያየ ሰው ትሉ ሳይመጣ ያውቃል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ክንፍ ያለው ሁሉ ጠላት አይደለም። አብዛኞቹ ሰብል አይነኩም። የጉሎ ቅጠል እየበላ ሐር የሚሰጠው የሐር ትል የእሳት እራት ወገን ነው። ከሎሚና ከብርቱካን ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ መስሎ የሚታየው ትል አድጎ ጥቁርና ቢጫ የሆነች ትልቅ ቢራቢሮ ይወጣዋል። በጦቢያ ቅጠል ላይ የሚያድገው ባለ ዥንጉርጉር ትል ደግሞ ከቅጠሉ ወተት መርዝ ያጠራቅማል። ከእርሱ የምትወጣውንም ብርቱካናማ ቢራቢሮ ወፎች ይሸሿታል። ሁሉን እንደ ጠላት አይቶ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ንቦቹንም አብሮ ይጨርሳል። እንግዲህ ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ ከሩቅ ስለምትመጣ አንዲት እንግዳ እንናገር። በመፀው በአበባ ላይ ስታርፍ ሳናያት አንቀርም። ክንፏ ብርቱካናማ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። የፊተኛው ክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ በላዩ ነጫጭ ነጥቦች አሉት። ሊቃውንት ቫኔሳ ካርዱይ ይሏታል። ትሏ ኮሸሽላን የመሰሉ እሾሃማ ተክሎችን ይበላል። ይህች ቢራቢሮ በአውሮፓም፣ በእስያም፣ በአፍሪካም ትገኛለች። የአውሮፓ ብርድ ሲቃረብ ከዚያ ትጠፋለች። ታዲያ የት ትገባለች? ብዙ ዘመን በትክክል አልታወቀም ነበር።

ጄራርድ ታላቬራና ሮጀር ቪላ የተባሉ የስፔን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014፣ ማለትም በ2007 ዓ.ም. መፀው፣ ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ባሉ አገሮች ፍለጋ አካሄዱ። ከተፈለገባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ሌሎቹ ቻድ፣ ቤኒንና ቡርኪና ፋሶ ናቸው። ቢራቢሮዎቹ በመፀው ሰሐራን ተሻግረው ወደ ደቡብ እንደሚመጡና እዚያም እንደሚራቡ አረጋገጡ። ክብደቷ ከአንድ ግራም በታች የሆነች ፍጥረት ያንን ሁሉ በረሃ ታቋርጣለች። ዓመቱን ሙሉ የሚደረገው የደርሶ መልስ ጉዞ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። አንዲቷ ብቻዋን አትጨርሰውም። ልጅ ከእናት፣ የልጅ ልጅም ከልጅ እየተቀበለ ይፈጸማል።

ይኸው ታላቬራ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ፣ በፈረንሳይ ጉያና የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ጥቂት እነዚህን ቢራቢሮዎች አገኘ። በዚያ አገር አይኖሩም ነበር። ቀኑንና ቦታውን መዘገበ። ከብዙ ዓመት ምርመራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው በነፋስ እየታገዙ ቢያንስ 4,200 ኪሎ ሜትር ባሕር አቋርጠው እንደነበር ከባልደረቦቹ ጋር ገለጠ። አያችሁ? ነገሩ የተጀመረው በቀንና በቦታ ከተመዘገበች አንዲት ትዝብት ነው። ሌላ ሰው አይቷቸው ቢሆንና ዝም ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ነገሩ እዚያው አሸዋ ላይ ይቀር ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ማየት ከበቃን መጻፉ ለምን ያስፈልጋል? ሰው እንደ ትዝታው ይናገራል። አንዱ፣ «ዘንድሮ ትሉ በዛ» ይላል። ሌላው፣ «ኧረ አምናም እንዲሁ ነበር» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው፣ «ድሮ ቢራቢሮው ሜዳውን ይሞላው ነበር፤ ዛሬ የት አለ?» ይላል። ማን ይፍረድ? ሦስቱም እውነት የተናገሩ ይመስላቸዋል። ክርክሩን የሚቆርጠው በየዓመቱ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ የተቆጠረና የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለም?

ይህን ልማድ አጥብቀው ከያዙት አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በዚያ ሮትሃምስተድ በሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ ካሪንግተን ዊልያምስ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1933 የመብራት ወጥመድ አቁሞ በየሌሊቱ የገቡትን የእሳት እራቶች መቁጠር ጀመረ። ከጊዜ በኋላ ተመሳሳይ ወጥመዶች በአገሪቱ ብዙ ቦታ ቆሙ። ከቆጣሪዎቹ ብዙዎቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከ1968 እስከ 2017 ያለው ቁጥር ተደምሮ ሲታይ በታላቋ ብሪታንያ የትላልቆቹ የእሳት እራቶች ብዛት በ33 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከሦስቱ አንዱ ጠፋ ማለት ነው። ይህ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሆነ ነው፤ ሆኖም በዓይን ብቻ ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊናገረው አይችልም ነበር። የእሳት እራት ሲያልቅ በእርሱ የሚኖሩት ወፎችና የሌሊት ወፎችም ይራባሉ። አደጋውን የነገራቸው ደብተራቸው ነው።

ለእኛ ገበሬ ግን ከዚህ የሚብስ አስቸኳይ ጉዳይ አለ። እርሱም ተምች ነው። ዱሮ የምናውቀው ተምች ጥቁር ትል ሆኖ እንደ ጦር ሠራዊት እየተመመ የሚመጣው ነው። በቅርብ ጊዜ ደግሞ ሌላ መጤ ተምች ተጨመረበት። የመጣው ከአሜሪካ ነው። በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ መታየቱ የተነገረው በ2008 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ ነው። በ2009 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ታየ፤ በዚያው ዓመትም በብዙ ክልሎች ተዛመተ። ያን ጊዜ ብዙ ገበሬ ከቤተሰቡ ጋር በቆሎ ማሳ ውስጥ ገብቶ ትሉን በእጁ ሲለቅም ነበር።

የዚህ መጤ ተምች የእንግሊዝኛ ስሙ «የመፀው ተምች» እንደ ማለት ነው። ምክንያቱም በአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ውርጩ ስለሚገድለው ክረምቱን እዚያ አይከርምም። ሞቃት ከሆኑት ከፍሎሪዳና ከቴክሳስ ደቡብ እየተነሣ በየዓመቱ ወደ ሰሜን ይበራል። ሩቁ አገር ሲደርስ ጊዜው መፀው ይሆናል። በእኛ አገር ቆላና ወይና ደጋ ግን እንዲህ የሚገድለው ውርጭ የለም። በመፀው የክረምቱ በቆሎ ሲታጨድ አጠገቡ የመስኖ በቆሎ ይዘራል። የእሳት እራቱም ካረጀው ወደ ለጋው ይዛወራል። በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ይችላል። አንዲቱ ሴት በሕይወቷ ከ1,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉም በጥቂት ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉ ትንሽ ሳለ መከላከል ይቻላል። አድጎ ከቡቃያው መሐል፣ ቅጠሉ ከተጠቀለለበት ውስጥ ከገባ ግን መድኃኒቱም አይደርስበት። እንግዲህ የአንድ ሳምንት ቀድሞ ማወቅና አለማወቅ በቤት በሚገባው እህልና ማሳ ላይ በሚቀረው አገዳ ይለካል። ቆጠራው ቢራቢሮን ለማድነቅ ብቻ አይደለም ያልነው ለዚህ ነው።

ታዲያ እንዴት ነው የሚቆጠረው? የቀኑን እናስቀድም። አንድ መንገድ ይመረጣል። ለምሳሌ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ በማሳው ጠርዝ አልፎ እስከ ትልቁ ዋርካ ድረስ ይሁን። ዛሬም፣ የሚመጣው ሳምንትም፣ የሚመጣው ዓመትም መንገዱ ያው ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ፀሐይ ወጥቶ ነፋስ በሌለበት፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ዝግ ብሎ መሄድ ነው። ከፊት ለፊት 5 ሜትር፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ሜትር ተኩል ውስጥ የታየችውን ቢራቢሮ ብቻ እንቆጥራለን። ከዚያ ውጭ ያለችውን፣ የቱንም ያህል ብታምር፣ አንቆጥርም። ለምን ቢባል ስፋቱ በየቀኑ ከተለዋወጠ ቁጥሩን ከቁጥር ማወዳደር አይቻልም። ያለፍናትንም ወደ ኋላ ዞረን ሁለተኛ አንቆጥራትም።

የሌሊቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ከመሸ በኋላ ነጭ አንሶላ በገመድ ላይ ይሰቀላል። ከፊቱ መብራት ይደረጋል። የሚያርፍበትን እያዩ መቁጠር ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ከተባለ ሁልጊዜም በዚያው ሰዓት ይሁን። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ወደ መብራት የሚመጣው ይቀንሳል፤ ደመናና ሙቀት ባለበት ይበዛል። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚያሰኘው ብርድ የበረታ ሌሊት ምንም ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ የጨረቃዋና የአየሩ ነገር አብሮ መጻፍ አለበት። በቆላ አገር መፀው የወባ ጊዜ መሆኑም አይዘንጋ። እጅና እግር ተሸፍኖ መውጣት፣ ሲመለሱም አጎበር ውስጥ መተኛት ያስፈልጋል። ፀጉራም አባጨጓሬ ቆዳ ስለሚያሳክክ በባዶ እጅ አይነካም። ከተቆጠረ በኋላ መብራቱን አጥፍቶ ሁሉንም መልቀቅ ነው፤ መግደል ምንም አይጨምርልንም።

ለመጤው ተምች የተለየ ወጥመድ አለ። ባልዲ የመሰለ ሆኖ በውስጡ የሴቷን ሽታ የሚመስል ነገር ይደረግበታል። ይህም ፌሮሞን ይባላል። ወንዱ ሴት ያገኘ መስሎት ይገባል፤ አይወጣም። ወጥመዱ በበቆሎው ማሳ ከቡቃያው ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ተከፍቶ የገባው ይቆጠራል፤ ከተቆጠረም በኋላ ባዶ ይደረጋል። ሽታው ስለሚያልቅ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይለወጣል። የተለወጠበትም ቀን ይጻፋል። የወንዱ ቁጥር ድንገት ከፍ ካለ ሴቶቹም አካባቢው ደርሰዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ ማሳው መግባት ነው። በአምስት የተለያየ ቦታ ሃያ ሃያ ቡቃያ ይታያል። ይህ በድምሩ 100 ይሆናል። በቆሎው ገና ለጋ ሳለ ከ100 ቡቃያ በ20ው ላይ አዲስ ጉዳት ከታየ ጉዳዩ አይቆይም፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ማማከር ይገባል። ከዚያ በታች ከሆነ ግን እንቁላሉንና ትሉን በእጅ መልቀም ይሻላል። ያለ ቁጥር መርጨት ገንዘብም ጤናም ያስከፍላል።

ደብተሩስ ምን ይመስላል? አንድ ተራ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ገጹ በመስመር ይከፈላል። በተራ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ አየር፣ ዓይነት፣ ብዛት፣ ምን ላይ እንደታየ፣ የቆጣሪው ስም ይጻፋል። ለምሳሌ አንዱ መስመር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጥቅምት 12፤ 5 ሰዓት፤ ከወንዙ እስከ ዋርካው፤ ፀሐይ፣ ነፋስ የለም፤ ብርቱካናማ ክንፈ ነጥብ፤ 7፤ አደይ አበባ ላይ»። ስሙን ካላወቅነው መልኩን እንጽፋለን ወይም እንስላለን። በግምት ስም ከመስጠት «ስሙ ያልታወቀ ቡናማ፣ 3» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ሦስት ነገሮችን አጥብቀን እንያዝ።

1ኛ/ እዚያው እንደቆምን እንጻፍ። «ቤት ስገባ እጽፈዋለሁ» የተባለ ቁጥር መንገድ ላይ ይለወጣል።

2ኛ/ ምንም ካልታየ 0 እንጻፍ። ባዶ ቦታና ዜሮ አንድ አይደሉም። ባዶ ቦታ «አልወጣሁም» ማለት ነው፤ ዜሮ ግን «ወጥቼ ፈልጌ የለም» ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት 0፣ ባለፈው በስቲያ 0፣ ዛሬ 15 የሚል ወጥመድ ትልቅ ነገር ተናገረ። ዜሮዎቹ ባይጻፉ 15ቱ ብዙ ይሁን ጥቂት በምን እናውቃለን?

3ኛ/ እንዲያምር ብለን ቁጥር አንጨምር፤ እንዳያሳፍር ብለንም አንቀንስ። ውሸት የገባበት ደብተር ከሌለ ደብተር የባሰ ነው፤ ሰው ያምነዋልና።

ምናልባት፣ «ይህ የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ እኛ ምን እናውቃለን?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ይህን አንቀበልም። ተመራማሪ ከከተማ መጥቶ ሁለት ቀን ሰንብቶ ይሄዳል። በየሳምንቱ በዚያ ወንዝ ዳር የሚያልፈው፣ አምና አበባው መቼ እንደፈነዳ የሚያውቀው፣ ሌሊት ለከብቱ ተነሥቶ በመብራቱ ዙሪያ የሚበረውን የሚያየው የቦታው ሰው ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም መጻፍ። አሁን ግን ፊደል ቆጥረናል። ፊደል የቆጠረ ሰው ቢራቢሮ መቁጠር አያቅተውም። ደግሞም ፊደል ካልሠሩበት ይጠፋል። በሳምንት አንድ ገጽ የሚጽፍ ሰው የተማረውን አይረሳም።

ሥራው ለአንድ ሰው አይተው። እናት ብትወጣ ልጅ ይጻፍ፤ ልጅ ትምህርት ቤት ቢውል አባት ይቁጠር። ሽማግሌዎች የትሉንና የተክሉን የአገር ስም ያውቃሉና ይጠየቁ፤ ስሙም በደብተሩ ይግባ። የአንዱ መንደር ደብተር ከሌላው መንደር ደብተር ጋር በቀበሌ ስብሰባ ይተያይ። ከላይኛው መንደር ወጥመድ ዛሬ የበዛው የእሳት እራት ነገ ወደ ታችኛው ሊወርድ ይችላል። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ይጠነቀቃል።

በዚህ መፀው የሚጀመር ደብተር የመጀመሪያው ዓመት ብዙ አይናገር ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ማወዳደሪያ ያገኛል። በአምስተኛው ዓመት፣ «ዘንድሮ በዛ» ወይም «ዘንድሮ ጠፋ» የሚለውን ሰው ገጹን ገልጦ ያሳየዋል። ስለዚህ መንገዱ ዛሬ ይመረጥ፤ መስመሩ ዛሬ ይሰመር፤ የመጀመሪያውም ቁጥር፣ ዜሮም ቢሆን፣ በዚህ ሳምንት ይጻፍ እንላለን።